ሌየር ስታዞሩ ፎቶው እንዳይጣመም፣ እንዳይደበዝዝ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለች ትንሽ የህትመት ቤት ውስጥ ነው፣ ባነር፣ ስቲከር፣ የሰርግ ካርድ፣ ማህተም፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ስለሆነ ሰዉ ለአንድ ባነር ብሎ ፒያሳ ድረስ አይሄድም እኛው ጋ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ጥርና ሚያዝያ ላይ ሰርግ ሲደራረብ ቀኑን ሙሉ ፎቶሾፕ ላይ (የፎቶና የዲዛይን ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው) ፎቶ ስናዘነብል ነው የምንውለው፣ ምክንያቱም አሁን ሁሉም ሰው ፎቶው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ ጣል እንደተደረገ ፎቶ ሆኖ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚችው ማዘንበል ላይ ነው፣ ለምን እንደሚበላሽ ደሞ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ የሙሽራ ባነር ነበር። የታዘዘው 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ የልጅቷ ፎቶ በግራ በኩል ነጭ ፍሬም ተደርጎለት 12 ዲግሪ ዘንበል ብሎ። የሙሽሪት እናት አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀምጠው "ትንሽ ወደዚህ፣ አይ በዛ፣ መለስ አርገው ልጄ" እያሉኝ አንድ ስድስት ሰባት ጊዜ አዞርኩት፣ በየመሀሉ ኢንተር እየመታሁ። ተስማማን፣ ሄዱ። ማታ ደወሉና ግድግዳው ሰፊ ነው 4 በ2 ይሁንልኝ አሉ፣ እኔም ሁሉንም ሌየር (ዲዛይኑ የተደራረበበት ንጣፍ፣ ፎቶው አንዱ፣ ጽሑፉ ሌላው) አንድ ላይ መርጬ ኮንትሮል ቲ ብዬ (ማዞሪያና መጠን መቀየሪያ ሳጥኑን የሚያወጣው እሱ ነው) ወደ ጎን ሳብኩት። በነጋታው ባነሩ ሲዘረጋ እናትየው ዝም ብለው ቆመው አዩትና "ልጄ፣ ፊቷ እኮ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ደሞ ጭጋግ የለበሰ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ፎቶሾፕ ነክተው አያውቁም ግን ሁለቱንም ችግር ለይተው ነው የነገሩኝ፣ መጣመሙንም መደብዘዙንም። ሁለቱ ደሞ ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ጭጋጉን እንየው። ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ድሩ ተወጥሯል፣ ማጉ በአግድም ይገባል፣ ጥለቱ ላይ የምታዩት መስቀልና ሌላው ቅርጽ ሁሉ ድርና ማጉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀለም እየገባ ነው የሚወጣው። ለዛ ነው ጥለት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ጥርት ብሎ ሲታይ ሰያፍ የሄደው ግን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደረጃ ደረጃ የሚሆነው። ፎቶም ኮምፒውተር ውስጥ እንደዛው ነው፣ በቁመትና በአግድም የተደረደሩ ትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፣ ፒክሰል የምንለው እሱን ነው። አሁን ልዩነቱን እዩ፣ ነጠላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ብታዞሩት ክሩም አብሮ ይዞራል፣ ጥለቱ ምንም አይሆንም። ኮምፒውተር ላይ ግን ክሩ አይዞርም። ድሩ ሁሌ ቀጥ እንዳለ፣ ማጉ ሁሌ አግድም እንደሆነ ነው። ስለዚህ ሌየሩን 12 ዲግሪ አዙር ስትሉት ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ጥለቱን ፈትቶ ባልዞረው ክር ላይ እንደ አዲስ መሸመን ነው።

በቅርበት እንየው። ነጭ መደብ ላይ አንድ ፒክሰል ውፍረት ያላት ጥቁር መስመር አለች እንበል። ጥቁር ቁጥሩ 0 ነው፣ ነጭ 255። መስመሯን ጥቂት ዲግሪ ስታዘነብሏት አዲሱ ቦታዋ አንድ ፒክሰል ላይ ልክክ ብሎ አያርፍም፣ ግማሹ እዚህኛው ላይ ግማሹ እዛኛው ላይ ይወድቃል፣ ግማሽ ፒክሰል የሚባል ነገር ደሞ የለም፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ አማካይ ይወስዳል፣ የ0 እና የ255 አማካይ 128 አካባቢ ነው፣ ግራጫ ማለት ነው። 800 ፐርሰንት ዙም አርጋችሁ ብታዩት ጥቁር የነበረችው መስመር ግራጫ ደረጃ ሆናለች። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ እንደውም ጠርዙን ለስለስ ስለሚያረገው ከሩቅ ጥሩ ነው የሚታየው። ጉዱ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው የሚነሳው ከጥቁሩ ሳይሆን ከግራጫው ነው፣ ግራጫውን ከነጩ ጋር ደባልቆ ሌላ የሳሳ ግራጫ ያወጣል፣ ሶስተኛው ከዛ ይነሳል፣ እያለ ይሄዳል። ፎቶኮፒውን መልሶ ፎቶኮፒ ማንሳት በሉት። የሙሽሪት ሽፋሽፍትና የቬሏ ዳንቴል እንደዛ ነው ሰባት ዙር ውስጥ የሟሟው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልናገር፣ 12 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሬ 12 ዲግሪ ወደ ግራ ብመልሰው ወደ ነበረበት ይመለሳል ብሎ ማሰብ። አይመለስም። ቦታው ይመለሳል፣ ፒክሰሉ ግን ሁለት ጊዜ ተሸምኗል። የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድ ብቻ ነው። ደሞ ኢንተር እስካልመታችሁ ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ሆናችሁ መቶ ጊዜ ብታዞሩት ችግር የለውም፣ ሽመናው የሚቆጠረው ኢንተር ስትመቱ ነው። እኔ ያን ቀን እናትየው ሀሳባቸውን እስኪጨርሱ ኢንተር ሳልመታ ብጠብቅ ኖሮ ጭጋጉ ባልመጣ ነበር።

ኮንትሮል ቲ ስትሉ ከላይ ባሩ ላይ ኢንተርፖሌሽን የሚል ምርጫ አለ፣ እሱ እንዴት ይሸመን የሚለውን ነው የሚወስነው። ኒረስት ኔበር ቅርብ ያለውን አንድ ፒክሰል እንዳለ ያነሳል፣ አማካይ ስለማይወስድ ቀለሙ አይደበዝዝም ግን ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ባይሊኒየር 4 ጎረቤት ፒክሰል ያያል፣ ባይኪዩቢክ 16። የሰው ፎቶ ከሆነ ባይኪዩቢክ ላይ ተዉት፣ ሌላውን ለተለየ ሥራ ነው የምትፈልጉት።

90፣ 180 እና 270 ዲግሪ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው። ድርና ማጉ ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ ግማሽ ላይ የሚወድቅ ፒክሰል የለም፣ ስለዚህ ምንም አይጠፋም። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለች፣ ሌየሩ ወርዱ 301 ፒክሰል ቁመቱ 200 ቢሆን፣ አንዱ ጎዶሎ አንዱ ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ቁጥር ማለት ነው፣ መሀሉን ይዛችሁ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ጠርዙ የፒክሰል ግማሽ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ ስስ መስመሮች ለምን እንደሳሱ ግራ ይገባችኋል። የሚዞርበትን ነጥብ ከመሀል አንስታችሁ ጥግ ላይ ካደረጋችሁት ችግሩ የለም። በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ተጋድሞ ሲከፈት ደሞ ፎቶው ተበላሽቶ አይደለም፣ ስልኩ ፒክሰሉን አላዞረውም፣ "እንዲህ አርገህ አሳየው" የሚል ምልክት ፋይሉ ላይ ጽፎ ነው የላከው፣ አንዳንድ ሶፍትዌር ምልክቱን ያነባል አንዳንዱ ያልፈዋል። 90 ዲግሪ መልሱት፣ አለቀ።

አሁን ዋናው መድሃኒት። ፎቶሾፕ ውስጥ ስማርት ኦብጀክት የሚባል ነገር አለ፣ በፈረንጅ 2005 በሲኤስ 2 ነው የመጣው፣ ስለዚህ ያረጀ ቨርዥን የምትጠቀሙም ታገኙታላችሁ። ሌየሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት። ከዛ በኋላ ስታዞሩት ፎቶሾፕ ኦሪጅናሉን ፋይሉ ውስጥ እንዳለ አስቀምጦ "12 ዲግሪ ይታይ" የሚል ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሀሳባችሁን ቀይራችሁ 9 ብትሉት ከ12ቱ ተነስቶ አይደለም የሚሸምነው፣ ከኦሪጅናሉ ነው። ሁሌ አንደኛ ዙር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ነገ ከፍታችሁ ኮንትሮል ቲ ስትሉ 12 የሚለው ቁጥር እዛው ባሩ ላይ አለ፣ 0 ብላችሁ ብትጽፉ ፎቶው እንደመጣበት ቀጥ ይላል። እናቶች ለሰዓታት አጠገባችሁ ቁጭ ብለው ቢያስተካክሉ ፎቶው አይጎዳም። ግን ልብ በሉ፣ ቀድሞ የደበዘዘን ሌየር ስማርት ኦብጀክት ማድረግ አያድነውም፣ የሚጠብቀው ያገኘውን ነው፣ ስለዚህ ፎቶው ገና እንደገባ ምንም ሳትነኩት አድርጉት። ራስተራይዝ የምትለውን (ወደ ተራ ፒክሰል የምትቀይረውን) ከነካችሁ ደሞ ጥበቃው ያልቃል። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ 4 ጂቢ ራም ባለው ላፕቶፕ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ዋጋ አለው።

ክብ ዲዛይን የምትሠሩም ተጠቀሙበት። እንደ ሰፌድ ዙሪያውን የሚዞር ጌጥ ለመሥራት አንዱን ቅጠል 30 ዲግሪ አዙራችሁ ኮንትሮል አልት ሺፍት ቲ (ኮፒ እያረገ ያንኑ ማዞር የሚደግመው) 11 ጊዜ ስትመቱ 12 ቅጠል ይሞላል፣ ግን ተራ ሌየር ከሆነ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ነው የሚቀዳው፣ አስራ ሁለተኛው ከአንደኛው ጋር ሲነጻጸር የደከመ ነው። ስማርት ኦብጀክት ወይም ሼፕ (ከፒክሰል ሳይሆን ከመስመር ስሌት የተሠራ ቅርጽ) ከሆነ አስራ ሁለቱም እኩል ናቸው።

እሺ መጣመሙስ? ይሄ ከጭጋጉ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጭጋግ ከሩቅ ይደበቃል የተጣመመ ፊት ግን ከሩቅ ይታወቃል። ነገሩ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ወርድና ቁመቱን እኩል አርጋችሁ የምታሳድጉ ከሆነ ቀድማችሁ ብታዞሩም ቀድማችሁ ብታሳድጉም ለውጥ የለውም። አንዱን ጎን ብቻ የምትስቡ ከሆነ ግን ለውጡ ትልቅ ነው። ቀጥ ያለ ፎቶን ወደ ጎን ብትስቡት ይወፍራል፣ ያስጠላል ግን ጥጉ 90 ዲግሪ እንደሆነ ነው። ዘንበል ያለ ፎቶን ወደ ጎን ስትስቡት ግን መሳቡ የሚሆነው በፎቶው በራሱ ወርድ ሳይሆን በወረቀቱ ወርድ ነው፣ ፎቶው ደሞ ለወረቀቱ ዘንበል ብሏል፣ ስለዚህ ጎኖቹ እኩል አይሳቡም፣ ተኝተው የነበሩት ይበልጥ ይተኛሉ፣ ቆመው የነበሩትም ዘመማቸው ይጨምራል። የኛን ባነር ብናሰላው፣ 12 ዲግሪ የዘነበለ ፎቶ ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሲሳብ 90 ዲግሪ የነበሩት ጥጎች ሁለቱ ወደ 97፣ ሁለቱ ወደ 83 ሄዱ። 7 ዲግሪ ስትሰሙት ትንሽ ነው፣ ግን አይንና አፍ የተቀመጡበት መስመር ከአፍንጫ ጋር 7 ዲግሪ ሲፈናቀል ልጇን ለምታውቅ እናት ሌላ ሰው ነው።

ለምን እንደሚደጋገም ደሞ ልንገራችሁ። ተራ ሌየርን አዙራችሁ ኢንተር ከመታችሁ በኋላ ፎቶሾፕ መዞሩን ይረሳዋል። እንደገና ኮንትሮል ቲ ስትሉ ሳጥኑ በፎቶው ልክ ዘንበል ብሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የዛን ሳጥን ጎን ከሳባችሁ መጣመም ነው። ስማርት ኦብጀክት ከሆነ ሳጥኑ ራሱ ከፎቶው ጋር ዘንበል ብሎ ይመጣል፣ የሳባችሁት ጎን የፎቶው ጎን ነው፣ ጥጉ 90 ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከመሳባችሁ በፊት ሳጥኑን እዩት፣ ፎቶው ዘንበል ብሎ ሳጥኑ ቀጥ ካለ እጃችሁን አንሱ። ብዙ ሌየር አንድ ላይ ስትመርጡ ግን ስማርት ኦብጀክትም አያድናችሁም፣ የጋራ ሳጥናቸው ሁሌ ቀጥ ያለ ነው። የባነር ልክ ሲቀየር ትክክለኛው መንገድ ካንቫሱን (ዲዛይኑ ያረፈበትን ወረቀት) ማስፋት፣ ባክግራውንዱን ለብቻው መሙላት፣ ከዛ ፎቶውንና ጽሑፉን እኩል አሳድጎ ቦታ ቦታቸው ማስቀመጥ ነው። አስር ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉንም ጠቅልሎ መሳብ አስር ሰከንድ ነው፣ ለዛ ነው ሁሉም የሚያደርገው።

ሺፍት ቁልፍም ሰው እያሳሳተ ነው። ድሮ ሺፍት ይዛችሁ ስትስቡ ነበር እኩል የሚያድገው፣ በፈረንጅ ከ2019ኙ ቨርዥን ጀምሮ ተገልብጧል፣ ዝም ብላችሁ ስትስቡ እኩል ያድጋል ሺፍት ከያዛችሁ ይለቃል። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ እጅ በልማድ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ባሩ ላይ ወርድና ቁመት መሀል ያለችውን የሰንሰለት ምልክት አይታችሁ አረጋግጡ። ስታዞሩ ግን ሺፍት ያው የድሮው ነው፣ በ15 ዲግሪ በ15 ዲግሪ ያስኬዳል።

ፎቶሾፕ ለሌላችሁ፣ ፎቶፒ በብራውዘር በነፃ ይሠራል ስማርት ኦብጀክትም አለው። ክሪታ ላይ ትራንስፎርም ማስክ የሚባለው ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጊምፕ ላይ ሺፍት አር ማዞሪያው ነው፣ ግን ማዞርም ማሳደግም ከፈለጋችሁ ሺፍት ቲ የምትለዋን ተጠቀሙ፣ ሁሉንም በአንድ ሳጥን ጨርሳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሸምኑት። ደሞ ሁሌ ኦሪጅናሉን ሌየር ዱፕሊኬት አርጋችሁ እንዳትታይ የአይን ምልክቷን አጥፍታችሁ አስቀምጡ፣ ማስተካከል ሲያስፈልግ የዞረውን ጥላችሁ ከሷ ጀምሩ። ጥጉ ተቆርጦ የሚቀርባችሁ ደሞ ክሊፒንግ በሚለው ምርጫ ምክንያት ነው፣ አጀስት ላይ አድርጉት። የዞረ ፎቶ ከበፊቱ ሰፊ ቦታ ነው የሚይዘው፣ 1000 በ600 ፒክሰል የሆነ ፎቶ 10 ዲግሪ ሲዞር 1089 በ765 የሚያህል ቦታ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ይቆረጣል።

ጽሑፍ ላይ ደሞ አደራ። ጽሑፍ ቴክስት ሌየር ሆኖ እስካለ ድረስ የተሠራው ከፒክሰል ሳይሆን ከመስመር ስሌት ስለሆነ እንደፈለጋችሁ አዙሩት ጥርት እንዳለ ነው። ራስተራይዝ አርጋችሁ ካዞራችሁት ግን የኛ ፊደል ከላቲኑ በላይ ነው የሚጎዳው፣ ምክንያቱም ፊደሉን የሚለየው ትንሽ ጭረት ነው። ቡ ጭረቷ እግሯ ወገብ ላይ ነው፣ ቢ እግሯ ጫፍ ላይ ነው፣ በትንሹ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ከዞረ ያቺ ጭረት ግራጫ ነጠብጣብ ሆና ወዴት እንዳለች አትለይም። ባነር ላይ ትተርፉ ይሆናል፣ ሰው ከሩቅ ስለሚያየው። 9 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ ግን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1063 በ591 ፒክሰል ብቻ ነው፣ እዛ ላይ የሰው ስም ሲሳሳት አይን ስር ነው።

እና ከመደንገጣችሁ በፊት 100 ፐርሰንት ዙም ላይ እዩት፣ 33 ወይም 67 ላይ ሆናችሁ የምታዩት የጠርዝ መሸራረፍ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ነው እንጂ የፋይሉ አይደለም።

የሙሽሪትን ባነር እንዴት እንዳስተካከልነው ልንገራችሁና ላብቃ። መጀመሪያ የያዝኩት የተበላሸውን ፋይል ብቻ ነበር፣ ተራ ሌየር ያውም የተሳበ። መጣመሙ የመጣው ወርዱ ከ3 ወደ 4 ስለተሳበ፣ ወርዱን 75 ፐርሰንት ስለው ጥጎቹ ወደ 90 ተመለሱ፣ ፊቷም ወደ ቦታው መጣ። ይሄ ለመጣመም ይሠራል፣ አስታውሱት፣ በስንት እንደተሳበ ካወቃችሁ መልሳችሁ ማጥበብ ይቻላል። ጭጋጉ ግን እዛው ነበር፣ እሱን የሚመልስ ስሌት የለም። ስለዚህ እናትየውን ደውዬ "እማዬ፣ ፎቶውን እንደገና በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፣ አለዚያ ይጨመቃል" አልኳቸው፣ እሳቸውም ለትንሽ ልጃቸው ሰጥተው አስላኩልኝ። የመጣው ከበፊቱ በጣም ትልቅ ነበር። ምንም ሳልነካው ስማርት ኦብጀክት አደረግኩት፣ ካንቫሱን 4 በ2 አሰፋሁ፣ ፎቶውን ማሳነሱንም ማዞሩንም በአንድ ኮንትሮል ቲ ጨረስኩ፣ ባሩ ላይ 12 ብዬ ጻፍኩ፣ ኢንተር።